ሐሙሳችን ይመለስልን፦ ለጤናው ዘርፍ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ ከጎንደር

ለተከበራችሁ የጤናው ዘርፍ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

እኔ አዘዞ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የ11 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ናት። የምጽፍላችሁ ግን ስለ እሷ ብቻ አይደለም። በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ፣ የሕፃናት የልብና የመገጣጠሚያ ክትትል ይሰጥበት በነበረው ቀን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንገናኝ ዓመታት ያሳለፍን ወላጆች አለን። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም ሊቀመንበርም የለንም። እርስ በርስ «የሐሙስ ሰዎች» እንባባላለን። ደብዳቤውን አንቺ ጻፊው ያሉኝ እነሱ ናቸው። መምህር ስለሆንኩ መሰለኝ። ከመላኬ በፊት አንብቤላቸዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ አርመውኛል።

ነገሩ የመጣው በአንድ ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት ለክትትል ስንሄድ በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀን። የሕፃናት የልብና የመገጣጠሚያ ክትትል ከዚያ ወር ጀምሮ በመደበኛው ተመላላሽ እንደሚታይ ይገልጻል። በቃ፣ ሁለት መስመር። ምክንያቱን ስንጠይቅ ለዚህ ክትትል ሠልጥነው የነበሩት ሐኪም መልቀቃቸው ተነገረን። ክፍሉም ለሌላ ሥራ ተፈልጓል። የተቋሙን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እዚያ የሚሠሩት ነርሶችና ሐኪሞች ስንቱን ችለው እንደሚውሉ በዓይናችን አይተናል፤ ጠባችን ከእነሱ ጋር አይደለም።

ከቢሮ ሆኖ ለሚያየው ይህ የፕሮግራም ለውጥ ነው። ልጆቹ ያው እየታዩ ነው ትሉ ይሆናል። እየታዩ አይደለም። ለምን እንደማይታዩ ልንገራችሁ።

በእኛ አካባቢ የጉልበትና የእጅ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ቁርጥማት። ከበረታ ሪህ ይባላል። ሪህ ደግሞ የሽማግሌ ነው። «ልጅ ደግሞ ምን ሪህ አለው?» ይሉናል። ስለዚህ ልጅ ጉልበቴን ሲል «እድገት ነው» ይባላል፣ ወይ «ብርድ መቶት ነው»፣ ወይ ወጌሻ ይጠራል። እኔ ራሴ ሦስቱንም አድርጌያለሁ። ልጄ 7 ዓመቷ እያለ ጉልበቷ ሲያብጥ ወጌሻ ጋ ወስጄ አሳሽቻታለሁ። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች ግን በሽታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የሚበዙት ሩማቲክ ፊቨር ያገኛቸው ናቸው። በጉሮሮ ሕመም ይጀምራል፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ልጁ ያገግማል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት አካባቢ ቆይቶ የገዛ አካሉ መከላከያ ተሳስቶ ራሱን ያጠቃል። ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ቁርጭምጭሚት፣ ከነገ ወዲያ ክርን እያለ ይዞራል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ልብ ላይ ይወጣል። የመገጣጠሚያው ሕመም ይተዋል፤ ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ ቫልቩ፣ ግን ተበላሽቶ ይቀራል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው፣ ማለትም የእኔን ተማሪዎች። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢያገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ልጅ ጉሮሮዬን ካለ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጥለታል።

የእኔ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው ያለባት። የልጆች አርትራይተስ ይባላል። ከ16 ዓመት በታች የሚጀምር፣ ከ6 ሳምንት በላይ የሚቆይ የመገጣጠሚያ እብጠት ነው። ከጉሮሮ ጋር ግንኙነት የለውም። ይህን ግን እኔ ቀርቶ ያዩዋት ሐኪሞችም ቶሎ አልለዩትም። ሩማቲክ ፊቨር ነው ተብሎ፣ በሽታው ዳግም እንዳይነሳ የሚሰጠውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 14 ወር ሙሉ በየ4 ሳምንቱ ተወጋች። መርፌው ወፍራም ነው፤ ያማል። ለእሷ በሽታ ምንም አላደረገላትም። የልብ አልትራሳውንዷ ደጋግሞ ንጹሕ ነበር፤ ጉልበቷ ግን እንዳበጠ ነው። ያን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ የሚያዩት ሐኪም ፋይሏን ከላይ እስከ ታች አነበቡና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጠዋት ስትነሳ እንዴት ናት?»

ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጠዋት ስትነሳ እንደ እንጨት ናት። ሽንት ቤት መቀመጥ አትችልም። ካልሲዋን እኔ ነኝ የማደርግላት። 3 ሰዓት ላይ ትንሽ ትፈታለች። 5 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት ትሞክራለች። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀጠሮ 2 ሰዓት አደረጉት፤ ከሁሉም ልጆች ቀድማ። ኮሪደሩ ላይ አስኬዷት፣ ደረጃ አስወጧት። አዩት። መድኃኒቱ ያን ቀን ተቀየረ።

አሁን በመደበኛው ተመላላሽ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፈን የሚደርሰን 5 ሰዓት ወይም 6 ሰዓት ነው። ልጄ እየተራመደች ትገባለች። «ደህና ናትኮ!» ይሉኛል። በ5 ወር ውስጥ 4 የተለያዩ ሐኪሞች አይተዋታል። አራቱም ትሑት ሰዎች ናቸው። አራቱም ግን ከ«ምኗን ነው የሚያማት?» ነው የሚጀምሩት።

አንዴማ ለጥቂት ነው የተረፍነው። የምትወስደው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ ከተወሰደ የደም ሴሎችን የሚያመነምን፣ ሰው የሚገድል መድኃኒት ነው። አንድ ቀን ማዘዣውን የጻፈው አዲስ ሐኪም ነበር፤ ከፋርማሲ የሰጡኝ ፓኮ ላይ «በቀን 1» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ማንበብ ስለምችል፣ መድኃኒቱንም ስለማውቀው ተመለስኩ። ይቅርታ ጠይቀው አስተካከሉት። ከጎኔ የሚቀመጡት እናት ግን ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ያንኑ መድኃኒት ነው የሚወስደው። ሐሙስ ሐሙስ የነበረችው ነርስ ለእሳቸው ፓኮው ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ትስልላቸው ነበር፤ የእሑድ ምልክት።

ስለዚያች ነርስ ካነሳሁ አይቀር፣ ደብተር ነበራት። ተራ የተማሪ ደብተር። የሁሉም ልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ የወላጅ ስልክ፣ የመጨረሻው መርፌ ቀን። ልጅ ከቀረ ማምሻውን ትደውላለች። ስልክ ለሌለው ለጎረቤቱ ትደውላለች። ክትትሉ ሲበተን እሷ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። ደብተሩ የት እንደገባ የሚነግረን አላገኘንም።

ደብተሩ ሲጠፋ ምን እንደሆነ በአንድ ልጅ ላሳያችሁ። ከዳባት በኩል የሚመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ቫልቩ ተጎድቷል፤ ግን ተረጋግቶ ነበር። አባቱ ገበሬ ናቸው። ለአንድ መርፌ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣሉ፣ 75 ኪሎ ሜትር ይመለሳሉ። ለምን አቅራቢያቸው ያለው ጤና ጣቢያ አይወጋውም? ጠይቀዋል። «ይህን መርፌ እዚህ አንወጋም» ተባሉ። መርፌው ይፈራል። ፔኒሲሊን አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያስነሳል፤ በእጁ ሰው እንዲሞት የሚፈልግ ባለሙያ የለም። ፍርሃቱን አልንቀውም።

ይሁንና ፍርሃቱ መለየት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር መሠረት ልቡ በጣም የተዳከመ ልጅ ከመርፌው በኋላ ቢወድቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አለርጂ ሳይሆን የልቡ ድካም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ ኪኒን ይሻለዋል። ልቡ ያን ያህል ላልተጎዳው ግን መርፌው ይቀጥል። ማነው የትኛው ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለየው? ስፔሻሊስት ነው። እሱ ከሌለ ጤና ጣቢያው ሁሉንም ይመልሳል። ወይም ሁሉንም ይወጋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። መንገድ ተዘጋ። ሁለት መርፌ አለፈው። ሦስተኛው ላይ አባትየው ሐሙስ ይዘውት መጡ፤ ወረቀቱን ያዩት ያኔ ነው። ወደ መደበኛው ሰልፍ ሄዱ፣ ሳይደርሳቸው መሸ፣ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣቸው ተመለሱ። ማንም አልደወለላቸውም። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ በሽታው ዳግም ተነሳበት። እግሩ አበጠ፤ ሌሊት ተቀምጦ ነው የሚያድረው፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። አሁን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለታል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የልጆች ልብ ይከፍታል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወረፋው ግን የስንት ዓመት እንደሆነ አገር የሚያውቀው ነው። አባትየው ወንበሩ ላይ ሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፤ «ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እኮ።»

አንዲት የ14 ዓመት ልጅም አለች። ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ምች ነው ተባለ። ሉፐስ ነበር፤ የገዛ አካል መከላከያ ሰውነትን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ። ሲታወቅ ኩላሊቷ ጋ ደርሷል።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ከብዶኛል። የሐሙስ ሰዎች «ተይው» ብለውኛል። አልተውኩትም።

ልጄ ከመታመሟ በፊት አራተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። እጅ ጽሑፏ የሚያምር ልጅ። ከገና በኋላ ስትመለስ ጽሑፏ ተበላሸ። መስመር ይስታል። እርሳሱ ከእጇ ይወድቃል። ትከሻዋ ይነጥራል፣ ፊቷን ታጣምማለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ የምትቀልድ መሰለኝ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ!» አልኳት፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ጥግ አስቁሜያታለሁ። ታለቅሳለች፤ ወዲያው ደግሞ ትስቃለች። ይህም አናደደኝ። ቤተሰቦቿ ጠበል ወሰዷት። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ልጄን አስጠምቄያለሁ፣ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ። እናቷ እንደነገረችኝ ሌሊት እንቅልፍ ሲወስዳት ሰውነቷ ጸጥ ይል ነበር። ያን ጊዜ ማናችንም አልገባንም። ልጅቷ በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች።

ኮሪያ (chorea) የሚባል በሽታ ነው። የዚያው የጉሮሮ ባክቴሪያ ጣጣ ነው፤ አንዳንዴ ከጉሮሮው ሕመም ወራት ቆይቶ በአንጎል በኩል ይመጣል። ስሙን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሌላ እናት ስለ ልጇ ስታወራኝ ነው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ያቺ ተማሪዬ ልቧ ታይቶ ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላውቅም። የሐሙሱ ቀን ለእኛ ምን እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም። ሐኪሙ አንድ ነበሩ፤ ወንበሩ ላይ ግን 20 እናትና አባት የሚያውቀውን እርስ በርስ ያስተምር ነበር።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ አለን፤ መዋጮአችንን እንከፍላለን። መድኃኒቱ ግን ግቢው ፋርማሲ ውስጥ «የለም» ነው፤ ከውጭ እንገዛለን። የደም ምርመራውም እንደዚያው። ልጄ ዓይኗም በየጊዜው መታየት አለበት፤ ይህ በሽታ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሳያቀላ፣ ሳያሳምም ብርሃን ይወስዳል። ይህንን ያስታወሰኝ የሐሙሱ ሐኪም ነበሩ። አሁን የዓይን ሪፈሩን የምለምነው እኔ ነኝ፤ «ዓይኗን አሟታል?» ሲሉኝ «አላመማትም» እላለሁ፤ «ታዲያ?» ይሉኛል።

ይህ ጉዳይ አዲስ ነው እንዳትሉን። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ የልብ ባለሙያዎች ተሰብስበው በአፍሪካ የሩማቲክ ልብ በሽታን፣ ማለትም ሩማቲክ ፊቨር ቫልቭ ላይ የሚተወውን ጉዳት፣ ለማጥፋት 7 ተግባራት አስቀምጠው ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በዚያው ዓመት ተቀብለውታል። ከሰባቱ ውስጥ የሕሙማን መዝገብ መያዝ፣ ፔኒሲሊን እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ ምርመራውን ከትልልቅ ከተሞች ወደ ታች ማውረድ ይገኙበታል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። በአገራችን ዋና ከተማ ስም የሚጠራ መግለጫ እያለ እኛ የነበረን መዝገብ የአንዲት ነርስ ደብተር ነበር። እሱም ጠፋ።

ጎንደርም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ደምቢያ ላይ ወባ ያን ሁሉ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚህ ነው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጽዳት ባለሙያ በአንድ ቡድን እየሠለጠኑ ወደ ገጠር የወጡት ከዚህ ነው። ያኔ ባለሙያው ነበር ወደ ሕመምተኛው የሚሄደው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት የሐሙሱ ቀን ይመለስልን። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ በተቻለ መጠን አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ። የመገጣጠሚያ ልጆች ጠዋት 2 ሰዓት ይታዩ። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይህኛው ነገ ሊሆን ይችላል፤ በጀት አይፈልግም፣ ሌላ ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ። የድሮው ደብተር ይፈለግ። ካልተገኘ እኛው ተሰብስበን የምናስታውሰውን እናስሞላለን፤ እኔ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ። መርፌ ያለፈው ልጅ የሚደወልለት ሰው ይመደብ።

መርፌውን በሚመለከት፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየወረዳው ቢያንስ በአንድ ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ይገኝ። የሚወጉት ሠራተኞች ይሠልጥኑ፤ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን አጠገባቸው ይኑር። የትኛው ልጅ እዚያ መወጋት እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ስፔሻሊስቱ በካርዱ ላይ ይጻፍለት። የዳባቱ አባት ለመርፌ ጎንደር መምጣት የለባቸውም።

ስለ ስፔሻሊስቱ ደግሞ፣ የሕፃናት የመገጣጠሚያ ሐኪም በአንድ ቀን እንደማይፈጠር እናውቃለን። አንድ ወጣት የሕፃናት ሐኪም መርጣችሁ ለሥልጠና ላኩ፤ ሲመለስ የሚቆይበትን ሁኔታ አሁኑኑ አስቡበት፣ የፊተኛው ለምን እንደለቀቁ ጠይቃችሁ። እስከዚያው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከሌላ ቦታ ሐኪም እየመጣ ይይልን። መምጣት ካልቻለ በስልክና በቪዲዮ ከእኛ ሐኪሞች ጋር ፋይሉን ይመልከት። ልጄ ኮሪደር ላይ ስትራመድ የሚያሳይ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አለ፤ እስካሁን ልይ ያለኝ የለም።

ለሜቶትሬክሴትና ለመሳሰሉት መድኃኒቶች የጤና መድኑ እንዲሸፍን፣ ግቢ ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ ከውጭ የገዛንበት ደረሰኝ እንዲተካልን እንጠይቃለን።

የመጨረሻው የእኔ የራሴ ነው። ለመምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ስጡን። የጉሮሮ ሕመም፣ የሚያነክስ ልጅ፣ እጁ የሚፈናጠር ልጅ። ሌላ አይደለም፣ እነዚህን ሦስቱን እንድናውቅ ነው። ክፍል ለማዘጋጀት፣ ባልደረቦቼን ለመጥራት እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

እኛ አሁንም በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ እዚያ ወንበር ላይ እንገኛለን። ከ2 ሰዓት ጀምሮ። ክፍሉ ተዘግቶም እንመጣለን፤ ልማድ ሆኖብን ነው፣ ደግሞም ሌላ የምንገናኝበት ቦታ የለንም። መልሳችሁን እዚያው በር ላይ ብትለጥፉልን እናነበዋለን፤ ማንበብ ለማይችሉት እኔ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንዲት ሕመምተኛ ልጅ እናትና የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣
«የሐሙስ ሰዎች» ወላጆችን በመወከል
ጎንደር፣ አዘዞ